ተማሪን ዝም ማሰኘት፦ የዩዘር ኢንተርፌስ ዲዛይን ኮርስን ጎንደር ላይ እንዴት እንደማስተምር

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የተማሪዎች ቡድን ባጃጅ መጥሪያ አፕ ሠራ። ሥራው ያምራል። ፒያሳ ወርደው አንድ ባጃጅ ነጂ ያዙና ስልኩን ሰጡት። ሰውየው ካርታውን በጣቱ ወዲያ ወዲህ ጎተተው፣ የተሳለችውን ትንሽ ባጃጅ ሁለቴ ነካ ነካ አደረጋት፣ ምንም አልሆነችም፤ ከዚያ ተሳፋሪ ሲጠራው "በጣም ጥሩ ነው ወንድሞቼ፣ በርቱ" ብሎ ስልኩን መልሶላቸው ሄደ። የተሰጠው ሥራ አንድ ጥሪ መቀበል ነበር። አልተቀበለም። ልጆቹ ሪፖርታቸው ላይ ምን ብለው ቢጽፉ ጥሩ ነው? "ተጠቃሚው በሲስተሙ እጅግ ረክቷል።"

አልዋሹም እኮ። ሰውየው ያለው እንደዚያ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሴሚስተሩን ሙሉ ስላይድ ሳነብላቸው ከርሜ፣ ሰው ሲጠቀም ቁጭ ብሎ ማየትን አላስተማርኳቸውም። ከዚያ ወዲህ ኮርሱን ገልብጬ ነው የማስተምረው፤ ሁሉም ነገር ተማሪው ከአንድ የማያውቀው ሰው ጎን ተቀምጦ ዝም ወደሚልባት ግማሽ ሰዓት የሚወስድ መንገድ ነው።

ይህን የምጽፈው ኮርሱ፣ ማለትም ሰው የሚያየውንና የሚነካውን ስክሪን የመንደፍ ትምህርት፣ ዘንድሮ ለደረሳችሁ መምህራን ነው። "ሂውማን ኮምፒውተር ኢንተራክሽን" ተባለ "ዩአይ ዩኤክስ"፣ በስሙ አንጣላም። የማሰላው 16 ሳምንት፣ 60 ተማሪ፣ አምስት አምስት ሰው ያላቸው 12 ቡድኖች ብዬ ነው።

መጀመሪያ፦ ኮምፒውተሩን ዝጉት (ሳምንት 1 እና 2)

በመጀመሪያው ቀን ፕሮጀክተር አላበራም። ተማሪዎቹን ይዤ እወጣለሁ። በር እናያለን፣ ቧንቧ እናያለን፣ የመብራት ማብሪያ እናያለን። ግድግዳ ላይ ስድስት ማብሪያ ተደርድሮ የትኛው የትኛውን አምፖል እንደሚያበራ ማንም የማያውቅበት ክፍል የትም አይጠፋም። አንዱን ተማሪ "የኋላውን ረድፍ ብቻ አጥፋ" በሉት። ሁሉንም እያበራ እያጠፋ ሲፈልግ ክፍሉ ይስቃል። ያኔ ጠይቁ፦ ማን ነው ያጠፋው? ልጁ ነው ወይስ ማብሪያውን የደረደረው ሰው? (ቃሉ ሁለት ትርጉም ስላለው ተማሪዎቹ ይህችን ጥያቄ እስከ ምረቃቸው አይረሷትም።)

ግራ የሚያጋባ በር "የኖርማን በር" የሚባለው በአሜሪካዊው ተመራማሪ በዶናልድ ኖርማን ስም ነው። መያዣው "ሳበኝ" የሚል የሚመስል፣ የሚከፈተው ግን ሲገፋ የሆነ በር ማለት ነው። ኖርማን በሰውና በዕቃ መካከል ሁለት ገደሎች አሉ ይላል። እኔ በአማርኛ ሁለት ጥያቄ አድርጌ ነው የማስተምራቸው፦ "ምኑን ልንካ?" እና "አሁን ምን ሆነ?" ከዚህ በኋላ የሚመጣው ቲዎሪ ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ አይወጣም።

የቤት ሥራው ሦስት ፎቶ ነው። ግቢ ውስጥ፣ ካፌ፣ ሰፈር፣ የትም። በእያንዳንዱ ሥር "ሰው ምን ያደርጋል ተብሎ ነው የተሠራው? ሰው ግን ምን ያደርጋል?" የሚለውን ይመልሳሉ። ሁለት ቃላት ክልክል ናቸው፦ "ስላላነበበ" እና "ስላልተማረ"። እነዚህን የጻፈ ይደግማል። አንዷ ተማሪ "ግፋ" የሚል ወረቀት የተለጠፈበት የካፌ በር ፎቶ አምጥታ ሥሩ ላይ "ወረቀቱ የበሩ ይቅርታ ነው" ብላ ጻፈች። እኔ እንኳ እንዲህ አሳጥሬ ብዬው አላውቅም።

ሁለተኛ፦ ርዕሱን አጥብቡላቸው (ሳምንት 3)

ነፃ ከተዋችኋቸው 12ቱም ቡድኖች "የሆስፒታል ማኔጅመንት ሲስተም" እና "ኢኮሜርስ ዌብሳይት" ይዘው ይመጣሉ። ይህ የተለመደ በሽታ ነው፤ ከሲኒየር (የመመረቂያ) ፕሮጀክት የተቀዳ ነው። የኔ ሕግ ሦስት ነገር ነው። ተጠቃሚው በእግር የሚደረስበት ይሁን። ኮምፒውተር ያልተማረ ይሁን። አንድ ሥራ ብቻ ይኑር፣ አሥር ሳይሆን አንድ።

እስካሁን የሠሩልኝ ርዕሶች፦ የዕቁብ ጸሐፊ ማን እንደከፈለ የሚይዝበት፣ ለጥምቀት የሚመጣ እንግዳ ማደሪያ የሚያገኝበት፣ ፋሲል ግቢ የደረሰ ጎብኚ አስጎብኚ የሚመርጥበት፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ በዱቤ የሚሸጥ ነጋዴ ዱቤውን የሚመዘግብበት። የዕቁቡ ከሁሉም ይበልጣል። ሁሉም ሰው አንድ ዕቁብተኛ ዘመድ አለው፣ ሥራው በየሳምንቱ ይደገማል፣ ስህተት ቢፈጠር ደግሞ ጠብ ያስነሳል። ጠብ የሚያስነሳ ነገር ጥሩ የዲዛይን ርዕስ ነው።

ሦስተኛ፦ ከመሳል በፊት ሄዶ ማየት (ሳምንት 4 እና 5)

እዚህ ጋ ተማሪዎቹ ቼክሊስት ይዘው ገበያ ይወርዳሉና አንድ ነገር አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ሱቅ ደጃፍ ላይ የቆመ ወጣት ከግብር ሰብሳቢ በምንም አይለይም። አራዳ ላይ አንድ ቡድኔ "ስንት ይሸጣሉ በቀን?" ብሎ ጀምሮ ግማሽ ቀን ሙሉ ፊት ሲዞርበት ዋለ። መታወቂያችሁን አሳዩ፣ ሰላም በሉ፣ ተቀመጡ፣ ቡና ከቀረበ ጠጡ፣ ገንዘብ ነክ ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን አታንሱ። ከትምህርት ክፍሉ አንድ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አጽፉላቸው፤ ከሃያ ደቂቃ ማብራሪያ ይሻላል።

ጥያቄው ራሱ ደግሞ መታረም አለበት። ተማሪ የሚጠይቀው "እንዲህ ያለ አፕ ብንሠራልዎ ይጠቀማሉ?" ብሎ ነው። መልሱ ሁሌም "አዎ ልጄ፣ ምን ከፋኝ!" ነው። ከዚህ መልስ ምንም አይገኝም። ይልቅ ስለ ትናንት ይጠይቁ፦ "ባለፈው እሑድ ዕቁቡ እንዴት ዋለ? ያልከፈለ ነበር? ምን አደረጉ? ደብተሩን ያሳዩኝ።" ደብተሩን ማየት አስፈላጊ ነው። አንድ የዕቁብ ጸሐፊ ደብተር ላይ ከስሞቹ አጠገብ ትንንሽ ነጥቦች ነበሩ። ልጆቹ ሲጠይቋቸው "ይህማ ግማሽ ከፍሎ ቀሪውን ማክሰኞ አመጣለሁ ያለ ነው" አሏቸው። የልጆቹ ዲዛይን "ከፍሏል" እና "አልከፈለም" የሚሉ ሁለት ምልክቶች ብቻ ነበሩት። ነጥቧ ባትታይ ኖሮ አፑ በመጀመሪያው እሑድ ይሞት ነበር።

የመስክ ማስታወሻውን እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው፣ በእጅ ጽሑፍ ያስረክባል። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። በቡድን ሥራ አንዱ ይሠራል፣ አራቱ ይተኛሉ። ሄዶ ያላየ ሰው ግን ዝርዝር መፈልሰፍ አይችልም፤ ሲሞክር እንኳ ያስታውቃል።

አራተኛ፦ ወረቀት፣ መቀስና ስኮች (ሳምንት 6)

እስከ ሰባተኛው ሳምንት ድረስ ፊግማ (ስክሪን በኮምፒውተር የሚነደፍበት ፕሮግራም) ክልክል ነው። ተማሪዎች በዚህ ይነጫነጫሉ። እኔ ግን ሁለት ሦስት ቀን ለፍቶ ጥላና ቀለም ያሳመረ ተማሪ ዲዛይኑን ለመጣል አንጀቱ እንደማይችል አይቻለሁ። በእርሳስ የተሳለ ነገር ለመጣል አያሳዝንም። እንዲሞክረው የምንሰጠውም ሰው "ይህ ገና ነው፣ ይስተካከላል" ብሎ ያስባልና ለመተቸት አይፈራም። መብራት ቢጠፋም የላብራቶሪ ክፍለ ጊዜው አይቋረጥም፤ እሱንም አትናቁት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ኤፎር ወረቀት ለአራት ይቆረጣል፤ አንዷ ቁራጭ አንድ ስክሪን ናት። የሚዘረጋ ዝርዝር፣ የስህተት መልእክት፣ የፊደል ገበታ በትንንሽ ቁራጭ ለየብቻ ይሳላል። አንድ ተማሪ ኮምፒውተር ይሆናል። ተጠቃሚው በጣቱ ሲነካ "ኮምፒውተሩ" ያለ ምንም ቃል ተገቢውን ወረቀት ይቀይራል፤ የተነካው ነገር ምንም የማይሠራ ከሆነም ዝም ብሎ ይቀመጣል። ኮምፒውተር የሆነው ልጅ መሳቅም፣ በዓይኑ መጠቆምም አይፈቀድለትም። የመጀመሪያው የዝምታ ልምምድ ይህ ነው። በጣም ያስቸግራቸዋል። ግንባራቸው ሁሉ ያወራል።

ፊግማ ሲፈቀድ ኢንተርኔት እንደሚፈልግ አስቡበት። ኔትወርክ የማያስተማምን ከሆነ ፓወርፖይንት ወይም ሊብረኦፊስ ላይ እያንዳንዱን ስላይድ በስልክ መጠን አድርጎ፣ በተኖቹን (የሚነኩትን ቁልፎች) ከስላይድ ወደ ስላይድ በሊንክ ማገናኘት ይቻላል። ለመፈተሻ ከበቂ በላይ ነው። ላፕቶፕ የሌለው ተማሪም በላብራቶሪ ኮምፒውተር ይሠራዋል።

አምስተኛ፦ የአማርኛ ጣጣ (ሳምንት 7)

ለዚህ አንድ ሙሉ ሳምንት እሰጣለሁ፤ ቢቻል ሁለት እሰጥ ነበር። የውጭ ማስተማሪያዎች አይነግሩንም፣ እኛም ኮፒ ስለምናደርግ አናስተውለውም።

ስም እንውሰድ። "ፈርስት ኔም፣ ላስት ኔም" የሚል ፎርም ፊት የእኛ ሰው ምን ይሙላ? ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን፤ የቤተሰብ ስም የለንም። ሰውን በአባቱ ስም "አቶ እንትና" ብሎ ሰላም የሚል አፕ አባትየውን ነው የጠራው። ቀን ደግሞ ይባስ። ዓመታችን 13 ወር አለው። 12 ወር ብቻ የሚዘረዝር ቀን መምረጫ ላይ ጳጉሜን 3 የተወለደ ሰው አልተወለደም። ሰዓትም አለ። "ቀጠሮዎ 2፡00 ነው" የሚል መልእክት ጠዋት ሁለት ሰዓት ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር ከቀኑ ስምንት ሰዓት ማን ይወቅ? ቁጥሩን ብቻ አትጻፉ፣ "ጠዋት" ወይም "ከሰዓት" ጨምሩበት፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ግልጽ ይሁን።

ፍለጋ ላይ "ፀሐይ" ብሎ የጻፈና "ጸሀይ" ብሎ የጻፈ አንድ ውጤት ማግኘት አለባቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ፕሮግራመር የሆኑ ተማሪዎች ይህን በአንድ ከሰዓት ይሠሩታል፣ ብቻ እንዲያስቡበት ይገፉ። የይለፍ ቃል "ቢያንስ አንድ ካፒታል ፊደል" ሲል በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ምን ያድርግ? ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም። አርዕስት ለማጉላት በካፒታል መጻፍ የሚባል መላ እኛ ጋ አይሠራም፤ በመጠንና በውፍረት ነው የሚለየው። ኤስኤምኤስ የሚልክ ሲስተም ከሆነ ደግሞ አንድ መልእክት በላቲን 160 ቁምፊ ሲይዝ በአማርኛ 70 ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ "ውድ ደንበኛችን፣ አገልግሎታችንን ስለመረጡ ከልብ እያመሰገንን" እየተባለ ዋናው ነገር ሳይደረስ መልእክቱ ያልቃል።

የበተን ቃል ላይ ተማሪዎቹን ቁጭ አድርጌ አከራክራቸዋለሁ። "ላክ" ቢባል ለወንድ ነው፣ ሴት ተጠቃሚስ? "ይላኩ" ቢባል አክብሮት ነው፣ ግን ለተማሪ መተግበሪያ ይከብድ ይሆን? "መላክ" ቢባልስ? ለዚህ አንድ መልስ የለኝም፤ አንዱን መርጠው እስከ መጨረሻው እንዲጸኑበት ብቻ እጠይቃለሁ። ከሁሉ የከፋው "ሰርዝ" ነው። አንድ ጊዜ ስልኬ ላይ "ትዕዛዙን መሰረዝ ይፈልጋሉ?" የሚል ጥያቄ መጣ፤ ከሥሩ ሁለት በተኖች፣ "እሺ" እና "ሰርዝ"። ትዕዛዙን ላቆየው ፈልጌ ምኑን ልንካ? መሰረዙን ልሰርዝ? "አዎ፣ ይቅር" እና "አይ፣ ይቆይ" ቢሉት ኖሮ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ግድግዳ ላይ አላፈጥም ነበር።

ስድስተኛ፦ የባለሙያ ዓይን (ሳምንት 8 እና 9)

ተመራማሪዎቹ ያዕቆብ ኒልሰንና ሮልፍ ሞሊክ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጡትን፣ ኒልሰን በ1994 ያሻሻለውን ለአጠቃቀም የሚመች ዲዛይን የአሥር መርሆች ዝርዝር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ችግሩ ተማሪ ሸምድዶት ፈተና ላይ ይደፋውና ይረሳዋል። ፈተና ላይ "አሥሩን ዘርዝር" ብዬ አልጠይቅም። ስክሪን አሳትሜ እሰጣቸውና "አራት ችግር አግኙ" እላለሁ።

አሠራሩ ላይ ሁለት ነገር ጠብቁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ተማሪ መጀመሪያ ለብቻው ይገምግም፤ አብረው ከጀመሩ ጎበዙ ያወራል፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። ሦስት አራት ሰው ለየብቻው ያገኘውን ስታዋህዱት አንዱ ያላየውን ሌላው አይቶት ታገኛላችሁ። ሁለተኛ፣ "ቀለሙ አያምርም" የሚል አስተያየት አይቆጠርም። የት ስክሪን ላይ፣ ምን ይሆናል፣ ማንን ይጎዳል፣ ከ0 እስከ 4 ምን ያህል ይከብዳል ብለው ይጽፉ። 0 ማለት ችግር አይደለም፣ 4 ማለት ይህ ሳይስተካከል አይለቀቅም ነው። የሌላ ቡድን ሥራ ይገምግሙ እንጂ የራሳቸውን አይደለም። ሰው የልጁን ጉድለት አያይም።

የቀለም ንፅፅር ላይ (ጽሑፉ ከጀርባው ቀለም ምን ያህል ይለያል የሚለው) መመዘኛው ለተራ ጽሑፍ 4.5 ለ1 ነው፤ በነፃ የሚያሰላ መሣሪያ ሞልቷል። ግን ቁጥሩን ከመንገሬ በፊት ስልካቸውን ይዘው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ላይ እንዲቆሙ አደርጋለሁ። ያ ፋሽን የሆነው ግራጫ በነጭ ላይ ጽሑፍ የት ሄደ? ባጃጅ ነጂው የሚያነበው እዚያ ፀሐይ ላይ ነው፣ ያውም መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይዞ። የበተን መጠንም እንዲሁ ነው። አንድሮይድ የሚመክረው 48 ዲፒ (የስክሪን መለኪያ ነው)፣ ማለትም 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ማስመሪያ አውጥተው ይለኩት።

ሰባተኛ፦ ሥራውን በሰው መፈተን፣ ዋናው ነገር (ከሳምንት 10 እስከ 13)

አሁን ወደ ባጃጅ ነጂው እንመለስ። ለምን "በጣም ጥሩ ነው" አለ? ይሉኝታ ነዋ። የሰው ልጅ ለፍቶ የሠራውን ነገር ፊት ለፊት "አልገባኝም" ማለት እኛ ጋ ነውር ነው። ሰውየው ጨዋ ስለሆነ ነው የዋሸው። ልጆቹስ ዕድሉን ቢያገኙ ዝም ይሉ ነበር? አይሉም። እናታቸውን የሚያክሉ ሴት ስልክ ይዘው ሲቸገሩ እያዩ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ በአስተዳደጋችን ብልግና ነው። እናም የማስተምረው ሁለቱም ወገን ጨዋነቱን ለግማሽ ሰዓት እንዲያስቀምጥ ነው። ይህን በግልጽ ካልነገርናቸው ከፈረንጅ መመሪያ የተገለበጠ ስክሪፕት አይሠራም።

ለተፈታኙ ይሉኝታ ያገኘሁት መላ ቡድኖችን ማቀያየር ነው። ቡድን ሦስት የቡድን አራትን ሥራ ይፈትናል። ያኔ ሳይዋሹ እንዲህ ማለት ይችላሉ፦

"እማማ፣ ይህን የሠሩት ሌሎች ልጆች ናቸው፤ እኛ የተላክነው ጉድለቱን ፈልገን እንድንነግራቸው ነው። የምንፈትነው ሥራውን ነው፣ እርስዎን አይደለም። ግራ ያጋባዎት ነገር ሁሉ ለእኛ ትርፍ ነው። ጠይቀውን ዝም ካልን ንቀት አይምሰልዎ፤ ብቻዎን ቢሆኑ ምን እንደሚያደርጉ ለማየት ነው፤ ሲያልቅ ሁሉንም እናስረዳዎታለን። ከሰለቸዎት በማንኛውም ሰዓት ማቆም ይችላሉ።"

ይህን በቃል ያጥኑት። ከሠሪው ቡድን አንድ ልጅ ከኋላ ተቀምጦ ማስታወሻ ይይዛል፤ አፉን ከከፈተ የቡድኑ ነጥብ ይቀነሳል። አንዳንዱ ሲያይ ይንቆራጠጣል። እሱን መንቆራጠጥ ነው የምፈልገው። "በተኗ እኮ እዚያው አፍንጫቸው ሥር ናት!" ይለኛል በኋላ። አዎ፣ ናት። አላዩዋትም።

ለጠያቂው ዝምታ ደግሞ ተግባራዊ ነገር ይሰጠው። እስክሪብቶ በሁለት እጁ ይይዛል፤ እጁ ሥራ ካላገኘ ሄዶ ስክሪኑን ይጠቁማል። ተፈታኙ ሲቆም በልቡ እስከ ሠላሳ ይቆጥራል። ከሠላሳ በኋላ የተፈቀዱት አረፍተ ነገሮች ሁለት ናቸው፦ "አሁን ምን እያሰቡ ነው?" እና "ብቻዎን ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?" ሌላ የለም።

ሥራ ሲሰጡ የበተኑን ስም መጥራት ክልክል ነው። "ክፍያ መዝግብ የሚለውን ተጭነው አንድ ክፍያ ይመዝግቡ" ማለት መልሱን መንገር ነው። "አንድ ዕቁብተኛ የዛሬውን ግማሽ ሰጥተውዎታል፣ ቀሪውን ማክሰኞ እሰጣለሁ ብለዋል። ይያዙት።" ይህ ነው ሥራ።

"የሚያስቡትን ጮክ ብለው ይናገሩ" የሚለው ዘዴም እንዳለ አይሠራም። ብቻውን የሚያወራ ሰው እኛ ጋ ስሙ ይታወቃል። ለተማሪ ተፈታኝ ችግር የለውም፤ በሰል ላለ ሰው ግን ሁለት ጓደኛሞችን አንድ ስልክ ላይ አስቀምጡ። አንዷ ለሌላዋ "ኧረ እሱን አይደለም፣ ወደ ላይ ሳቢው!" ስትል ሐሳባቸው ሁሉ በነፃ ይወጣል። በሙያው የታወቀ ዘዴ ነው፣ እኛ የፈጠርነው አይደለም፤ ለእኛ ሰው ግን ልክ የተሰፋ ነው።

ስንት ሰው? ኒልሰንና ላንዳወር እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ስሌት አንድ ተፈታኝ በአማካይ 31 በመቶውን ችግር ካገኘ፣ አምስት ሰው 85 በመቶ ገደማውን ያወጣዋል። ተማሪ ይህችን ቁጥር ይወዳታል፣ ምክንያቱም አምስት ትንሽ ናት። ግን ሁለት ነገር ንገሯቸው። አምስቱ ተመሳሳይ ተጠቃሚዎች ሲሆኑ ነው፤ ሁለት የዕቁብ ጸሐፊና ሦስት የዶርም ጓደኛ አምስት አይባሉም። ደግሞም አምስት ፈትኖ፣ አስተካክሎ፣ እንደገና አምስት መፈተን አሥርን በአንዴ ከመፈተን ይሻላል። ስለዚህ በሁለት ዙር እናደርገዋለን፤ ለአንድ ክፍል 120 ሰው ማለት ነው። ከየት ይመጣል? ሰው ከሚጠብቅበት ቦታ። ባጃጅ ተራ፣ ፀጉር ቤት፣ የግቢ ጥበቃዎች በዕረፍታቸው፣ የካፌ ሠራተኞች ከምሳ ሰዓት በኋላ። ማኪያቶ ወይም ሻይ ይጋበዛሉ፣ ገንዘብ አይሰጥም።

ቪዲዮ ከተቀረጸ እጅና ስክሪን ብቻ ነው፣ ፊት አይቀረጽም፣ ተጠይቆ ነው። እውነተኛ የሞባይል ገንዘብ ፒን የሚያስገባ ሥራ በፍጹም አይሰጥም።

መጠይቅ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ጆን ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1986 የሠራው ሰስ (SUS) የሚባለው ባለ አሥር ጥያቄ የአጠቃቀም ምቾት መለኪያ ቀላልና ጥሩ ነው፤ ከአንድ እስከ አምስት ይሞላል፣ ውጤቱ ከ100 ነው፣ 68 አካባቢ መካከለኛ ተብሎ ይወሰዳል። ግን ጥያቄዎቹ አንዱ አዎንታዊ፣ አንዱ አሉታዊ እየሆኑ ነው የሚሄዱት። የእኛ ጨዋ ተፈታኝ ሁሉንም አምስት ይሰጣል፤ "ሲስተሙ ያለ አግባብ የተወሳሰበ ነው" ለሚለውም አምስት። እንዲህ የሞላ ሰው ውጤቱ ልክ 50 ነው የሚመጣው፤ ሁሉንም አንድ ቢሞላም 50። ስለዚህ 50 ስታዩ ዲዛይኑ መካከለኛ ነው አትበሉ፣ ወረቀቱን አውጡና እዩ። ጥያቄውን አንብቦለት በቃል የሚሞላ ተማሪ መድቡ።

ስምንተኛ፦ ከማስታወሻ ወደ ማስተካከያ (ሳምንት 14)

አጭር ነው። የታየውን ነገር ሁሉ በቁራጭ ወረቀት ይጽፉና ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ፤ "አስተያየት" ሳይሆን "የታየ" ነገር፣ ለምሳሌ "ሦስት ሰው ካርታውን እንደ ፎቶ አየው"። ተመሳሳዩን ያሰባስባሉ። ከዚያ ሦስቱን ብቻ መርጠው ያስተካክላሉ። ሁሉንም እናስተካክል የሚል ቡድን አንዱንም አያስተካክልም። ለልኬቱ ደግሞ አይኤስኦ 9241-11 የሚባለው ዓለም አቀፍ የአጠቃቀም ምቾት ደረጃ የሚላቸው ሦስት ነገሮች ይበቃሉ፦ ሰውየው ጨረሰ ወይ? ምን ያህል ደከመበት? ምን ተሰማው? በአንደኛውና በሁለተኛው ዙር መካከል ያለውን ልዩነት በአንድ ሠንጠረዥ ያሳዩ። አምስት ሰው ላይ "60 በመቶ" አትበሉ፣ "ከአምስቱ ሦስቱ" በሉ።

ዘጠነኛ፦ ነጥብ አሰጣጥ

ተማሪ የሚያጠናው ነጥብ ያለበትን ነው፣ አንሸዋወድ። የኔ ክፍፍል፦ የግል የመስክ ማስታወሻ 20፣ የወረቀት ሥራ 10፣ የሌላ ቡድን ግምገማ 15፣ ሁለቱ ዙር ፈተናና ማስተካከያው 30፣ የጽሑፍ ፈተና 20፣ ውበት 5። ውበት አምስት ብቻ በመሆኑ በየዓመቱ ሁለት ሦስት ልጅ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ይከራከረኛል። አብዛኛውን ጊዜ እጃቸው ጥሩ የሆነ ልጆች ናቸው፤ አዝንላቸዋለሁ፣ ግን አልጨምርም። መጀመሪያ ዙር ላይ ሥራው ክፉኛ የወደቀበት፣ ለምን እንደወደቀ ያየና ያስተካከለ ቡድን ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ይህን በመጀመሪያው ሳምንት አሳውቁ፤ አለዚያ ሪፖርቶቹ ሁሉ "ተጠቃሚው ረክቷል" ይሆናሉ።

የመጨረሻው ፕረዘንቴሽን ስላይድ የለውም። የቡድኑ አባላት ከመድረክ ወርደው ይቀመጣሉ፤ ከሌላ ቡድን በዕጣ የወጣ ልጅ ወጥቶ ሥራውን በፕሮጀክተር ይጠቀማል። ሠሪዎቹ አይናገሩም። አሥር ደቂቃ ይበቃል።

አሥረኛ፦ የቀን መቁጠሪያ ነገር

አንደኛው ሴሚስተር ላይ ከሆነ የምታስተምሩት፣ የሁለተኛውን ዙር ፈተና ከጥር መጀመሪያ በፊት ጨርሱት። ከከተራ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ከተማው ሥራ ይበዛበታል፣ ሆቴል ቤቱም ባጃጁም ለእንግዳ ይዘጋጃል፣ ተማሪው ራሱ ልቡ ጥምቀተ ባሕር ላይ ነው። የጥምቀት ማደሪያ ፕሮጀክት የያዘው ቡድን ግን ለብቻው ይቅጠር፤ እሱ በጥር 9 አዘዞ መንገድ ላይ ሻንጣ ይዞ የወረደ እውነተኛ እንግዳ አግኝቶ ይፈትን። እንግዳው ደክሞታል፣ ስልኩ ባትሪ የለውም፣ ይሉኝታም አይይዘውም።